ነፃው ሕክምና እና አስታማሚ የሌለው ሰው

የአሸዋ ዝንብ ስለምታስተላልፈው ስለ ካላዛር በሽታ በተነሣ ቁጥር ከመድረክ የማይጠፋ አንድ ንግግር አለ፤ ሕክምናው በነፃ ነው፣ ችግሩ ታማሚዎቹ ዘግይተው መምጣታቸው ነው። ዞን ላይ ይባላል፣ ክልል ላይ ይደገማል። ብዙ ጊዜ ስለተባለ ማንም ቆም ብሎ አይመረምረውም። ዛሬ እኔ ልመርምረው፤ ምክንያቱም በምዕራብ ጎንደር ቆላ ይህን ንግግር አምኖ የተቀመጠ አሠራር ሰው እየገደለ ነው ብዬ አምናለሁ።

በጥር 2015 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው ካላዛር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የኅብረተሰብ የጤና ችግር መሆኑ እንዲያበቃ ተስማምተዋል። የታማሚው ቁጥር በ90 በመቶ መቀነስ አለበት ተብሏል። ግቡን የሚጠላ የለም፣ እኔም አልጠላውም። የሚያሳስበኝ ግቡ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ ሲወርድ ያንኑ ንግግር ተደግፎ መውረዱ ነው።

መጀመሪያ እውነቱን በእውነትነቱ ልቀበል። ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የሚባሉት፣ ለ17 ቀናት በየቀኑ የሚወጉት መርፌዎች ታማሚውን ገንዘብ አያስከፍሉትም። በጣም ለተጎዱት የሚሰጠው አምቢዞምም በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በእርዳታ ይመጣል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው፤ አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት ካላዛር የያዘውንም እባብ የነደፈውንም ሠራተኛ ሲያክሙ ኖረዋል። ካልታከሙ ከሚይዛቸው ሰዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን የሚገድል በሽታ መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ነፃ የሆነው መድኃኒቱ ነው። ሕክምናው ነፃ ሆኖ አያውቅም።

ከሊቦ ከምከም ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ፣ ከገንዳ ውሃ ከተማ ወዲያ ባለ እርሻ ከሸራ ሥር የሚያድር ወጣት እናስብ። ትኩሳት ይጀምረዋል። አገሩ ቆላ ነውና የመጀመሪያው ግምት ወባ ነው፤ ኪኒን ገዝቶ ይውጣል። አልሻለው ሲል ከተማ ወጥቶ አንድ ክሊኒክ ይገባል፤ ታይፎይድ ነው ተብሎ መርፌ ይታዘዝለታል። ከሳምንት በኋላ ሌላ ክሊኒክ ይሞክራል። በዚህ መሐል የከፈለው ሁሉ የትም አይመዘገብም፤ ስለ ነፃ ሕክምና ሲወራም ማንም አይቆጥረውም። ሱሪው ከወገቡ መውረድ ይጀምራል። በግራ ጎድኑ ሥር ጣፊያው እየጠጠረ ይመጣል። ጎንበስ ሲል ይነስረዋል። አንድ የገባው ሰው «ይሄ ካላዛር እንዳይሆን» ብሎ፣ ጣት ወግተው በደቂቃዎች የሚመረምሩበትን ቦታ እስኪጠቁመው ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ።

እንደምንም ደርሶ አልጋ ሲያገኝ ደግሞ አስታማሚህ የታለ ይባላል።

በአገራችን ሆስፒታል የተኛ ወይም ያስተኛ ሁሉ የአስታማሚን ሥራ ያውቀዋል። የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ የሚሮጠው እሱ ነው። ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የታጣውን ከውጭ አፈላልጎ የሚገዛው እሱ ነው። ምትክ ደም ሲጠየቅ ክንዱን የሚዘረጋው እሱ ነው፤ ካላዛር ደግሞ ደም የሚያሳንስ በሽታ ነው። ሌሊት ሕመሙ ሲብስ ነርስ የሚቀሰቅሰው፣ ጠዋት ፊት የሚያሳጥበው፣ ልብስ የሚያጥበው እሱ ነው። ነርሷ ብዙ አልጋ ይዛ ሁሉንም ልታዳርስ አትችልም፤ ጥፋቱን በእሷ ላይ አልጥልም። ግን ደመወዝ የማይከፈለው፣ በየትኛውም በጀት ያልተያዘው ይህ ሰው ከሌለ ሆስፒታሎቻችን አንድ ቀን እንኳ በወጉ አይሠሩም። ቆላ የወረደው ሠራተኛ ደግሞ ያን ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ጥሎት መጥቷል። እናቱን ልጥራ ቢል የምትመጣበት ገንዘብ እሱ ይልክላታል ተብሎ ሲጠበቅ የነበረው ነው። ወንድሙን ቢጠራ እህሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። የአገር ልጅ የሆነ የሥራ ጓደኛው ሁለት ቀን ያስታምመዋል፤ በሦስተኛው ቀን ወደ አጨዳው ካልተመለሰ እሱም እንጀራውን ያጣል። እንግዲህ አስታማሚ ላለው በነፃ፣ አስታማሚ ለሌለው ደግሞ በከባድ ዋጋ የሚሰጥ ሕክምና ነው ያለን። ኃላፊዎቹ «ነፃ» ሲሉ ይህን ልዩነት ጨርሰው አያነሡትም።

ከአልጋ የወረደም አልዳነም። 17ቱ ቀን አልቆ የወጣ ሰው ማጭድ ለመያዝ ወራት ይፈልጋል። ኤችአይቪ አብሮ ካለበት ነገሩ ሌላ ነው፤ ኢትዮጵያ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ በብዛት ከሚገናኙባቸው አገሮች አንዷ ናት። ለእነዚህ ሰዎች ካላዛር ተመላልሶ የሚመጣ በሽታ ነው። እንዳያገረሽባቸው ፔንታሚዲን የሚባል መድኃኒት በየወሩ ሊሰጣቸው ይችላል፤ ያ ማለት ከሕክምናው ቦታ አጠገብ መኖር ማለት ነው። ስለዚህ አገሩ አይመለስም፣ እርሻም አይወርድም። ገንዳ ውሃ ወይም አብደራፊ ላይ በቆርቆሮ የተሠራች ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል።

በዚያች ክፍል ውስጥ ደኅና ሆኖ ማደር ምን እንደሚጠይቅ ላሳያችሁ። ጣፊያው ያበጠ ሰው ቢወድቅ ወይም ጎኑን ቢመታ በውስጥ ደሙ ሊፈስና በሰዓታት ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ 20 ሊትር ጀሪካን ከቦኖ ተሸክሞ መምጣት ለእሱ የሞት ሥራ ነው። ውኃ ግን የሚያመጣለት የለም። ሌሊት ነስር ቢጀምረው ተነሥቶ ተቀምጦ፣ ወደ ፊት ትንሽ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ጨብጦ እስኪቆም መጠበቅ አለበት፤ ካልቆመ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሰው ያስፈልገዋል። አከራዩ ሕመሙን ቢያውቅ ያስወጣኛል ብሎ ስለሚፈራ ለማንም አልተናገረም፤ ስለዚህ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ቢያረፍድ የሚያንኳኳ የለም። በኤችአይቪ ሥራ ላይ ሆነው ቀጠሮ የቀረበትን ታማሚ በስልክም በእግርም ይፈልጉ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። በጥር 2017 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የጤና ሠራተኞችን ውል አቋርጧል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2014 ዓ.ም. ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው ለያዟቸው ሰዎች አምቢዞምን ከሚልቴፎሲን ጋር አጣምሮ መስጠት ይሻላል ብሎ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ከተደገፈባቸው ጥናቶች አንዱ የተካሄደው ጎንደርና አብደራፊ ላይ ነው። ዓለም ከእነዚህ ቀን ሠራተኞች አካል ተምሯል። ከጥናቱ በኋላ ብቻቸውን ወደዚያች ክፍል መመለሳቸው ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ግማሽ ልምጣ፤ «ዘግይተው ይመጣሉ» ወደሚለው። መዘግየቱ እውነት ነው። የአሸዋ ዝንቧ ከነደፈች በኋላ በሽታው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተደብቆ ይቆያል። ከግራር ሥር፣ ከኩይሳ አጠገብ፣ በተሰነጣጠቀ ዋልካ ላይ ያሳደረው እርሻ ሠራተኛውን ሒሳቡን ሰጥቶ ካሰናበተው በኋላ ነው ሕመሙ የሚወጣው። ባለሀብቱ የእኔ ሠራተኛ አይደለም ይላል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ፈቃድ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሹን ይሰጠዋል። በቃል ውል በጥማድ ተስማምቶ የሚያጭድ ሰው ይህ አዋጅ መኖሩንም አያውቅም። ሥራ ላይ እያለ የታመመውም ቢሆን ኮንትራቱ ሳያልቅ ትቶ ከሄደ ገንዘቡን ማግኘቱ በአሠሪው በጎ ፈቃድ የሚወሰን ስለሚሆን፣ ጥርሱን ነክሶ ይሠራል። ከዚያ የጎንደር መተማ መንገድ አለ። በዚያ መንገድ ላይ ሰው ታግቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ሲጠየቅበት ሰምቶ፣ ከነትኩሳቱ ብቻውን መኪና ላይ ለመውጣት ያመነታን ሰው «ዘገየ» ብሎ መውቀስ ከባድ በደል ነው። ድሮ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የሚታከምም ነበር፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከጋላባት ወዲያ ጦርነት አለ።

ወደ አገሩ ተመልሶ የታመመውስ? ሊቦ ከምከም በ1997 ዓ.ም. የሆነውን የደቡብ ጎንደር ሰው አይረሳውም። ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት መጥተዋል ተብሎ በሚታመነው በሽታ ብዙ ሰው ወባ ነው እየተባለ ካለቀ በኋላ ነበር ካላዛር መሆኑ የታወቀው። ያን ጊዜ የዘገየው ታማሚው አልነበረም።

የነገሩ ሥር ያለው አሠራራችን ቤተሰብን እንጂ ብቻውን ያለ ሰውን የማያውቅ መሆኑ ላይ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን በየቤቱ የሚሄድ ነው፤ በየጤና ኬላው የተደረደረው የቤተሰብ ፎልደር ነው። የዚህ ወጣት ፎልደር ሊቦ ነው ያለው፣ እሱ መተማ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር የሊቦ ጎረቤት ፎገራ አንዷ ነበረች፤ ዛሬ ቆላ ከሚወርዱት መካከል እናታቸው ቤት የመድን ደብተር የተሰቀለላቸው አሉ። ደብተሩ የሚሠራው ግን በአገራቸው ጤና ጣቢያ በኩል ነው። አጎበርም የሚታደለው ለአባወራ ነው፤ ውጭ ለሚያድርና ሙቀቱን ሸሽቶ በሌሊት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ቢሰጠውም የሚሰቅልበት የለውም። በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚወርድበት አካባቢ ይህን ክፍተት ለሃያ ዓመት ተሸክሞ መኖር አልነበረበትም።

መፍትሔውን ከውጭ መጠበቅ አያስፈልገንም። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ የእናቶች ማቆያ ሠርተናል፤ ሩቅ ያለች ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ መጥታ የምትቆይበት፣ ገንፎ የሚገነፋበት፣ ሕዝቡ እህልና ገንዘብ አዋጥቶ ያቆመው ቤት። ገንዳ ውሃና አብደራፊ ላይ እንዲህ ያለ ማቆያ ለካላዛር ታማሚ ቢኖር የአስታማሚው ጥያቄ ግማሹ ይፈታል። በወር የሚከፈለው አንድ አስታማሚ ለአሥር ብቸኛ ታማሚ ውኃ ያመጣል፣ ወረቀት ይዞ ይሮጣል። የሰፋፊ እርሻ ባለቤቶችም ካቧቸው የሠራተኛውን ስም፣ ቀበሌና የአንድ ዘመድ ስልክ ሳይመዘግብ ሥራ እንዳያስጀምር ሊገደዱ ይገባል። መሬት ሲወስዱ ብዙ ግዴታ ይፈርማሉ፤ ይህ አንድ መስመር ነው።

እስከዚያ ድረስ ብቻህን ላለኸው ወንድሜ የምለው አለኝ። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈና የወባ መድኃኒት ካላዳነህ የካላዛር ምርመራ ብለህ በስሙ ጠይቅ፤ አታፍር። ሕመምህን ለአንድ ሰው፣ ለምታምነው ለአንድ ሰው ብቻ እንኳ ንገር፤ ጠዋት ጠዋት በርህን እንዲያንኳኳ ለምነው። ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ወይም አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍም አስረዳው። የታከምክበትን ወረቀት ከመታወቂያህ ጋር በላስቲክ ጠቅልለህ ያዝ፤ ወድቀህ ብትገኝ ያነሣህ ሰው ይዞህ የሚሮጥበትን ይወቅ። ጎንህን ከምት፣ ትከሻህን ከከባድ ሸክም ጠብቅ። ከተሻለህ በኋላም በስድስተኛው ወር ተመለስ፤ ሊያገረሽ ይችላል።

ይህን ሁሉ ብዬም አንድ ጥርጣሬ አይለቀኝም። የናይሮቢው ግብ የሚለካው ጤና ተቋም ደርሶ በተመዘገበ ታማሚ ነው። ከሸራ ሥር ወይም ከዚያች ክፍል ውስጥ ወባ ነው እንደተባለ የሞተ ሰው በየትኛውም ቅጽ ላይ የለም። መንገዱ እንዲህ እንደተዘጋ ከቀጠለ፣ ቀጠሮ የቀረበትን ፈልጎ የሚያመጣም ከጠፋ፣ የተመዘገበው ቁጥር በራሱ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሪፖርቱን የሚያነበው ኃላፊ የቀነሰው በሽታው ይሁን መድረስ የቻለው ሰው በምን እንደሚለይ እኔ አላውቅም፤ እሱም የሚያውቅበት መንገድ እስካሁን አልተዘረጋለትም።