ሚዱን አርሞ የሚመልስ መምህር

የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለእረፍት ወደ ይርጋጨፌ ሲመጡ ወሬያቸው ብዙ ሳይቆይ ወደ መምህራን ያመራል። ልብ ብዬ ሳዳምጥ፣ ግሬድ የሚያዘንብላቸውን መምህር ይወዱታል እንጂ አያከብሩትም። በአክብሮት የሚያነሱት ሚድ አርሞ የሚመልሰውን ነው።

አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ ወረቀቷን አሳይታኛለች። ከ20 ያገኘችው 11 ነው። መምህሩ ግን ኤክስ አድርጎ ብቻ አላለፈም፤ ስሌቱ የተበላሸበትን መስመር በቀይ አስምሮ «እስከዚህ ትክክል ነሽ፤ አሃዱን ተመልከቺ» ብሎ ጽፎበታል። ወረቀቱን እስካሁን ደብተሯ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ስህተቱን ያየ ተማሪ ውጤቱ ዝቅ ቢልም ተበደልኩ አይልም። ግሬዱን በሴሚስተሩ ማብቂያ ብቻ የሚያይ ተማሪ ግን የት እንደሳተ ሳያውቅ ወደ ቀጣዩ ኮርስ ያልፋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያልታረመው ስህተት እዚያ ይጠብቀዋል።

ሌላው የሚያነሱት ተማሪው የሚያውቀውን የሚጠይቅ መምህር ነው። ስለ ፍላት (ፈርመንቴሽን) በሚሰጥ ክፍለ ጊዜ አንድ መምህር ስላይዱን ትቶ ለአንድ የቡና ገበሬ ልጅ «እስኪ እናንተ ጋ እንዴት ነው?» አለው። ልጁ ቀይ እሸቱ ከተፈለፈለ በኋላ ገንዳ ውስጥ እንደሚቆይ፣ ብርድ ሲበረታ ጊዜው እንደሚረዝም፣ መድረሱም ፍሬውን በእጅ አሽቶ እንደሚታወቅ ተናገረ። ልጋጉ ከለቀቀ ፍሬው ሻካራ ይሆናል። መምህሩ የሙቀት መጠን በረቂቅ ተሕዋስያን ላይ ያለውን ተጽዕኖ ያስረዳው ከዚያ ተነስቶ ነው። ይህን የነገረኝ ከሰሜን የመጣ፣ የቡና ተክል እንኳ አይቶ የማያውቅ የክፍል ጓደኛው ነው፤ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ዩኒቨርሲቲው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 ሲጀመር የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር። መምህር ለማፍራት የተመሠረተ ቤት ከሁሉ በፊት በማስተማር ሊታወቅ ይገባዋል።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተማሪዎች መምህራቸውን የሚገመግሙበት ቅጽ ይሞላሉ። «ሚዱ ታርሞ ከፋይናል በፊት ደርሶሃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይስፈር እላለሁ። የብዙ ተማሪ ወረቀት ማረም ከባድ መሆኑን አልክድም፤ የትምህርት ክፍሎችም የእርማቱን ጊዜ ለመምህሩ እንደ ማስተማሪያ ሰዓት ይቁጠሩለት።