ኮንቴነሩ ቁጥር አለው፤ ዘማቹስ?

ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚገባ እያንዳንዱ ኮንቴነር ቁጥር አለው፤ ከየት መጣ፣ የማን ነው፣ መቼ ገባ፣ ሁሉም ይመዘገባል። በዚሁ የጅቡቲ መስመር ያለፉ ሰዎችስ?

ሚያዝያ 1943 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲዘምት በባቡር ጅቡቲ ወርዶ ነው መርከብ የተሳፈረው። ያ ሐዲድ የሚያልፈው በሞጆና በአዳማ ነው። ኮሪያ ላይ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ አንድም አልተማረከም። በኋላ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ግን ይህን ዘመቻ በኩራት ማውራት ከባድ ሆነ። ታሪኩ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ቀረ።

አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል። ደስ ይላል። ሐውልት ግን የሰውን ደብዳቤና ድምፅ አይዝም።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነገሩን በወጪ ነው የማየው። ወደብ ላይ የዘገየ ኮንቴነር ኪራይ ይቆጥርበታል፤ ተከፍሎ ግን ይወጣል። በ1943 ሃያ ዓመቱ የነበረ ዘማች ዛሬ 90ን አልፏል። እዚህ ላይ መዘግየት በብር አይካካስም።

የከተሞቻችን ቤተ መጻሕፍት ለዘማቾች፣ ለኮሪያውም ለካራማራውም፣ መዝገብ ይክፈቱ። እኛም ስልክ ይዘናል። የአያቶቻችንን ፎቶ ፊትና ጀርባውን እናንሳ፣ ስምና ዓመት እንጻፍ፣ ድምፃቸውን እንቅዳ። ኮፒውን ለቤተ መጻሕፍቱ እንስጥ፤ ኦሪጅናሉ ከቤት አይውጣ።