ወረቀቱ አያረጅም፤ እጅ ግን ይረሳል

አንድ ሚዛን በተገዛበት ቀን ትክክል ስለ ነበረ ለዘለዓለም ትክክል ሆኖ ይኖራል ብሎ የሚከራከር ነጋዴ የለም። ሚዛኑ በየጊዜው ይፈተሻል፤ መኪናውም በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍበታል፤ መጋዘኑም ቆጠራ ይደረግበታል። ከዕቃና ከመኪና ይልቅ ቶሎ የሚለዋወጠው የሰው ችሎታ ግን አንድ ጊዜ በምስክር ወረቀት ከተረጋገጠ በኋላ ዳግመኛ የማይጠየቅበት የሥራ መስክ ብዙ ነው። ከእነዚህም አንዱ፣ ስሕተቱ በሰው ሕይወት የሚከፈልበት፣ የውኃ ጠላቂዎች ሥራ ነው።

ይህ ጉዳይ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነጋዴዎች ምን ያገባቸዋል የሚል ጥያቄ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይሆንም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የባሕር ጠረፏን ካጣች ወዲህ መጥለቅ የሌላ አገር ሰው ሥራና ጨዋታ መስሎ መታየቱ እውነት ነው። ነገር ግን ውኃ ባሕር ብቻ አይደለም። በቡራዩ አጠገብ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚሰጠው የገፈርሳ ግድብ አለ። በሰበታ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልና የዓሣ ማራቢያ ኩሬዎች ይገኛሉ። በአካባቢው ያሉት የአበባ እርሻዎች ወደ ውጭ አገር የሚልኩትን ምርት የሚያጠጡት በፕላስቲክ ከተነጠፉ ሰፋፊ ማጠራቀሚያዎች ነው፤ ዳርቻቸውም ስለሚያንሸራትት የገባ ሰው በቀላሉ አይወጣም። ለግንባታ ድንጋይ ሲባል ተቆፍረው ሳይደፈኑ የቀሩት ጉድጓዶችም በክረምት ውኃ ይሞላሉ፤ ለእረኛና ለተማሪ ልጅም የመዋኛ ስፍራ ይመስላሉ። በእነዚህ ውኃዎች ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ የነጋዴው ደንበኛና ሠራተኛ፣ ልጅና ጎረቤት ነው።

አደጋ በደረሰ ጊዜ ጥሪው የሚያርፈው በጥቂት ሰዎች ላይ ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች ከከተማው ወሰን አልፈው በዙሪያው ወዳሉት ከተሞች ጭምር ሲጠሩ የሚሠሩት ሥራ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው። በርቀትና በመንገድ መጨናነቅ ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚደርሱት ሕይወት ለማትረፍ ሳይሆን አስከሬን ለማውጣት መሆኑም ግልጽ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ስለዚህ በየከተማው ከዚህ ቀደም የሠለጠኑ፣ ወረቀታቸው በመሳቢያ የተቀመጠ ሰዎች ካሉ፣ እነዚህን ሰዎች ተፈልገው ሲገኙ ሊሠሩ የሚችሉ አድርጎ መጠበቅ የሕዝብ ጥቅም ነው።

ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው ከዓለም አቀፍ ማኅበራት የሚቀበለው የምስክር ወረቀት በአብዛኛው የሚያበቃበት ቀን የለውም። ማኅበራቱ ራሳቸው ግን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ውኃ ያልገባ ሰው አስቀድሞ የክለሳ ትምህርት እንዲወስድ ይመክራሉ። ምክንያቱም ቀላል ነው። በዓይን መሸፈኛው ውስጥ የገባውን ውኃ ከታች ሆኖ በአፍንጫ ትንፋሽ ማስወጣት፣ ከአፍ ያመለጠውን መተንፈሻ ፈልጎ መያዝ፣ አየር ላለቀበት ጓደኛ ማካፈል፣ ሲወጡም ትንፋሽን ሳይዙ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳይበልጡ ቀስ ብሎ መውጣት፤ እነዚህ ሁሉ በእጅና በትንፋሽ የሚታወቁ እንጂ በጭንቅላት ብቻ የሚያዙ አይደሉም። በመጽሐፍ የተማረ ሰው ቢረሳ ገጹን ይገልጣል፤ ከውኃ በታች ግን ገጽ የሚገለጥበት ጊዜ የለም።

ነገሩን በነጋዴ ሒሳብ መመልከት ይቻላል። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ ወደ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ከዚህ ውስጥ 50 ባር፣ ማለትም 600 ሊትር፣ ለመጠባበቂያ ቢቀመጥ ለሥራ የሚቀረው 1,800 ሊትር ነው። ተረጋግቶ የሚተነፍስ ሰው በውኃው ፊት በደቂቃ 20 ሊትር የሚፈጅ ቢሆን፣ በባሕር 10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን 40 ሊትር ይፈጃል፤ አየሩም 45 ደቂቃ ያቆየዋል። ልምዱ የቀዘቀዘ ሰው ግን ይጨነቃል፣ ያለ ቁም ነገር ይንፈራገጣል፣ ትንፋሹም ይፈጥናል፤ ፍጆታው እጥፍ ቢሆን ያው አየር በ22 ደቂቃ ተኩል ያልቅበታል። ሲሊንደሩ አንድ፣ ወረቀቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ልምምድ ብቻ ነው።

በእነዚህ ከተሞች ላይ ደግሞ በጠረፍ አገር የሌለ ሌላ ዕዳ ይጨመራል፤ ይኸውም የቦታው ከፍታ ነው። ብዙው ጠላቂ የሚማርበት ሠንጠረዥ የተዘጋጀው ለባሕር ጠለል ነው። ከባሕር ጠለል 300 ሜትር ያህል ከፍ ከሚል ቦታ ጀምሮ ለከፍታ የተስተካከለ ሒሳብ እንዲያዝ ይመከራል፤ ሦስቱ ከተሞች ግን ከ2,000 ሜትር በላይ የሚገኙ ናቸው። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ በዚህ ከፍታ በ10 ሜትር ውኃ ውስጥ የጠለቀ ሰው ሒሳቡ በባሕር 13 ሜትር ያህል እንደ ጠለቀ ሰው ይቆጠራል። ከታች በግፊት ወደ ሰውነቱ የገባው ናይትሮጅን በዝግታ ካልወጣ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን ያማል፤ ሲከፋም አከርካሪንና አንጎልን ይጎዳል። ሕክምናው የሚሰጥበት የግፊት ክፍል በየከተማው የሚገኝ አይደለም።

ከውኃው ከወጡ በኋላም ሒሳቡ አይዘጋም። ከጠለቀ በኋላ በአውሮፕላን የሚሳፈር ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ጠልቆ ከሆነ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ጠልቆ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። የዚህ ምክንያት በመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለው ጋር ሊስተካከል መቻሉ ነው። ሱሉልታ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። በሌላ አነጋገር፣ በቢሾፍቱ ሐይቆች፣ በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ጠልቆ በዚያው ቀን የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ የሚመለስ ሰው በመኪና ተቀምጦ ሽቅብ እየበረረ ነው ማለት ይቻላል። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው፣ ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ በሚደርሰው የባቡር መሥመር ወይም በአውሮፕላን ወደ ጠረፍ ወርዶ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጠልቆ ለሚመለሰውም ነገሩ ያው ነው። ይህን በውጭ አገር ባሕር ዳር የተማረ ሰው ላይነገረው ይችላል፤ መምህሩ ተማሪው የሚመለስበትን አገር ከፍታ አያውቅምና።

የክለሳ ትምህርት ከመሪ ጋር ከሚደረግ መጥለቅ ጋር ተጣምሮ እንዲሄድ የሚፈለገውም ስለዚህ ነው። በመጀመሪያ በመዋኛ ገንዳ፣ ጥልቀቱ በታወቀና በጠራ ውኃ፣ የተረሳው ይታደሳል። ቀጥሎም ቦታውን የሚያውቅ መሪ ቀድሞ በእውነተኛው ውኃ ውስጥ ይገባል። መሪ መያዝ የችሎታ ማነስ ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ልምድ ያለው ነጋዴ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደሚሄድበት ገበያ ሲገባ የአገሩን ሰው ይዞ ይገባል። የደፈረሰ ማጠራቀሚያ፣ ጭቃው የሚይዝ ኩሬ፣ የብረትና የሽቦ ቁራጭ የተጣለበት የድንጋይ ጉድጓድ፣ እነዚህ በባሕር ከተገኘ ልምድ ጋር የማይመሳሰል ጠባይ አላቸው። እጅ ፊት ለፊት ተዘርግቶ በማይታይበት ውኃ ውስጥ ገመድ ይዞ መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ይህም ለአደጋ ሥራ በሙያው በሠለጠኑ ሰዎች እጅ ብቻ ሊሆን ይገባል። ክለሳው ለሌላው ጠላቂ ከሚሰጠው ጥቅም አንዱም የችሎታውን ወሰን እንዲያውቅና አልገባም ማለትን እንዲማር ማድረጉ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይሰማ ይሆናል። የመጀመሪያው፣ አንድ ጊዜ ለተከፈለበት ትምህርት ሁለተኛ መክፈል ብክነት ነው የሚል ነው። ነገር ግን የክለሳው ትምህርት ከመጀመሪያው ሥልጠና እጅግ ያጠረ ነው፤ ወጪውም ሠራተኛውን ካጣ ቤተሰብና ሥራው ከቆመ ድርጅት ኪሳራ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሁለተኛው፣ የውጭ ምንዛሪ በሚፈለግበት ጊዜ የመጥለቂያ ዕቃ ማስመጣት ቅንጦት ነው የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ክብደት አለው፤ መልሱም ብዙ ዕቃ ማስመጣት ሳይሆን ያለውን መጠበቅ ነው። ያልተጠገነ መተንፈሻና ያልተፈተሸ ሲሊንደር በመጋዘን ከሚከማች፣ ጥቂት ዕቃ ከመለዋወጫውና ከሚጠግነው ሰው ጋር ቢኖር ይሻላል።

እንግዲህ የየአንዳንዱ ድርሻ ግልጽ ነው። አስመጪው ሲሊንደርና መተንፈሻ ሲያዝ ጎማውን፣ ማጣሪያውንና ሌላውን መለዋወጫ አብሮ ይዘዝ፤ ያለ መለዋወጫ የገባ ዕቃ በሁለተኛው ዓመት ጌጥ ሆኖ ይቀራልና። ለመኪና ጎማ የሚሠራ ኮምፕሬሰር ለሰው መተንፈሻ እንደማይሆን፣ የሞተር ጭስ በሚደርስበት ቦታ የተሞላ አየርም ገዳይ ሊሆን እንደሚችል ለገዢው መንገር የሻጩ ግዴታ ነው። ባለ ሱቁ የዋና ዕቃ በሚሸጥበት መደርደሪያ ላይ ተንሳፋፊ ጎማና ጠንካራ ገመድ ይጨምር፤ ከጠላቂው መምጣት በፊት ሕይወት የሚያተርፈው ብዙ ጊዜ ከዳር የተወረወረ ገመድ ነውና። ላኪው የአበባ እርሻ ማጠራቀሚያውን ይጠር፣ በየዳርቻው መውጫ መሰላል ያኑር። ድንጋይ የሚያወጣው ተቋራጭ ሥራውን ሲጨርስ ጉድጓዱን ይድፈን። መዋኛ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎችም ገበያ በሚቀዘቅዝበት የሳምንቱ ቀን ገንዳቸውን ለክለሳ ትምህርት ቢፈቅዱ ብዙ አይጎዱም።

ከሁሉ በፊት ግን የሦስቱ ከተሞች ነጋዴዎች በምክር ቤታቸው አማካይነት በየከተማው ያሉትን የሠለጠኑ ጠላቂዎች ስምና መጨረሻ ውኃ የገቡበትን ቀን የሚይዝ አንድ መዝገብ ቢያስከፍቱ፣ ክለሳውም በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት ወር እንዲደረግ ከኮሚሽኑ ጋር ቢመካከሩ፣ ሥራው በመልካም ይጀመራል። መዝገብ የነጋዴ ሙያ ነው። ስንት ኩንታል እህል በመጋዘን እንዳለ የሚያውቅ ከተማ፣ ውኃ ውስጥ የወደቀ ልጅ የሚያወጣለት ስንት ሰው እንዳለው፣ ከእነርሱም ዛሬ ለሥራ የተዘጋጁት ስንቱ እንደ ሆኑ ሳያውቅ ክረምቱን ሊቀበል አይገባውም።