ዳኛ የሌለበት መንገድ

መርካቶ እሁድ ያርፋል ሲባል ትሰማላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ ሸማቹ ይቀንሳል፣ ታክሲውም ይሳሳል። በርበሬ በረንዳ ግን፣ በተለይ አዲሱ ምርት በሚገባበት ወራት፣ አያርፍም። ከማረቆና ከሀላባ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ አይሱዙ ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ይቆማል። ጆንያው ይራገፋል። ተሸካሚው ጎንበስ ብሎ ያመላልሳል፣ እናቶች በመጋዘኑ ደጃፍ ጆንያ አንጥፈው ዛላውን ይቀነጥሳሉ። ከራጉኤል ቅዳሴ የሚመለሱ አረጋውያንም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችም በዚያው ያቋርጣሉ። እኔም ልጆቼን እዚሁ አሳድጌ አሁን የልጅ ልጄን እጅ ይዤ ከሚያቋርጡት አንዷ ነኝ።

ብስክሌተኞቹ የሚመጡት በዚህ ሰዓት ነው።

ብስክሌት ስላችሁ ዳቦ የሚላክበትን ዓይነት እንዳታስቡ። የውድድር ብስክሌት ነው። ጎማው አውራ ጣት የሚያክል ቀጭን፣ ደወል የሌለው፣ መብራት የሌለው፣ ጭቃ መከላከያውም የወለቀ። ሁሉም ክብደት እንዳይጨምር ተብሎ ነው። አምራቾቹ ለማቅለል ከመሽቀዳደማቸው የተነሳ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ለውድድር የሚቀርብ ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም እንዳያንስ ደንግጓል። ልጆቹ ውድድራቸው ወደሚካሄድበት ሲሄዱ፣ አንዳንዴ አሥር፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት ሆነው፣ ከአውቶቡስ ተራ በኩል መጥተው የእኛን መንገድ ያቋርጣሉ። ዋናው መንገድ ላይ አውቶቡስ አለ፤ እኛ ጋ ደግሞ ሱቁ ዝግ ስለሆነ መንገዱ ባዶ ይመስላቸዋል።

ባዶ ያለመሆኑን ነገር ላስረዳ። ደረቅ በርበሬ ለመጠኑ ቀላል ስለሆነ ጆንያው ይገዝፋል። የተሸከመው ሰው ከእግሩ ሥር ካለው አስፋልት በቀር የሚያየው ነገር የለም፤ ግራ ቀኝ መዞርም፣ ድንገት መቆምም አይችልም። የሚተማመነው በጆሮው ነው። የአይሱዙ ሞተር ይሰማዋል፣ የጋሪ ጎማ ይሰማዋል፣ የጓደኛው «ዞር በሉ!» ይሰማዋል። የውድድር ብስክሌት ግን አይሰማም። የሚቀነጥሱት እናቶች ደግሞ ፊታቸው ወደ መጋዘኑ፣ ጀርባቸው ወደ መንገዱ ነው። በዚያ ላይ ሲያስነጥሱ ነው የሚውሉት።

አንድ ብስክሌተኛ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በአንድ ሰከንድ 10 ሜትር ይሄዳል። ሠልጥኖ ለሚወዳደር ወጣት ይህ ፍጥነት ብዙ አይደለም። በእኛ መንገድ 10 ሜትር ማለት ከአንዱ መጋዘን በር እስከሚቀጥለው ነው። አንዲት ባልቴት የሆነ ነገር መምጣቱን አይተው ወደ ኋላ ልመለስ ወይስ ልሻገር ብለው እስኪያስቡ ልጁ አልፏል፣ ወይም ደርሶባቸዋል። የልጁ እግር ከፔዳሉ ጋር የተቆለፈ ነው፤ ተረከዙን ወደ ውጭ ካልጠመዘዘ አይላቀቅም፣ እንዳሻው መሬት አይረግጥም። የፈሰሰ በርበሬ ላይ ደግሞ ያ ቀጭን ጎማ ፍሬን ሲያዝ እንዴት እንደሚንሸራተት በዓይናችን አይተናል።

ያየነው ባለፈው ዓመት ነው። በርበሬ በመቀንጠስ የሚተዳደሩ አንዲት እናት የሞላውን ሰፌድ ይዘው ከተቀመጡበት ሲነሱ ከኋላ የመጣ ልጅ መታቸው። ሰፌዱ ተበተነ፣ የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ልጁም ወድቆ ጉልበቱ ተገሽልጧል። ከፊት ያሉት አላዩም፤ ከኋላ ያሉት አይተው፣ ሁለቱ ቆሙ፣ ሌሎቹ «ይቅርታ እማማ!» እያሉ አለፉ። ውድድሩ እንዳያመልጣቸው ነው። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ የልጁ መምታት አይደለም፤ ያቺ እየሄዱ የተወረወረችው ይቅርታ ናት። ሴትየዋ የሚከፈላቸው በቀነጠሱት ልክ ነው። እጃቸው ጀሶ ውስጥ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ገቢ የለም፣ የሚያሳድጓቸው ሁለት የልጅ ልጆች ግን አሉ።

ከዚያ በኋላ ስለ ብስክሌት ውድድር ሕግ መጠየቅ ጀመርኩ። ተገረምኩ። ውድድሩ ውስጥ ያለው ሥርዓት እኮ የሚያስቀና ነው! ፊት ፊት መኪናና የፖሊስ ሞተር ይሄዳል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ዳኛ በመኪና ይከተላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ በታላላቆቹ ውድድሮች እንደ እግር ኳሱ ቢጫ ካርድ አለ። በአንድ ውድድር ሁለት ቢጫ ያየ ይሰናበታል፣ ለሰባት ቀንም ይታገዳል። ካርዱ ለብስክሌተኛው ብቻ ሳይሆን አጅቦ ለሚሄደው ሾፌርና ለቡድኑ ኃላፊም ይደርሳል። ጣሊያናዊው ቪንቼንዞ ኒባሊ በ2014 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈ ጀግና ነው። በዓመቱ በስፔኑ ውድድር ወድቆ ከኋላ ሲቀር የቡድኑን መኪና ይዞ ሲጎተት በካሜራ ታየ። በማግስቱ አልተወዳደረም፤ አባረሩት። መኪናውን የነዳው ኃላፊም አብሮት ተሰናበተ።

እንግዲህ እነዚህ ልጆች ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ይህን የመሰለ ሥርዓት ይጠብቃሉ። ተከታትለው ሲነዱ የፊተኛው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ለኋለኛው ያመለክታል፤ ለዚያ የተለመደ ምልክት አላቸው። ለጉድጓድ ምልክት ያለው ልጅ ለሰው ምልክት ያጣል? መስመሩን አልፎ ወደ ቤት ሲመለስ ዳኛው የለም፣ ሞተሩ የለም፣ ካርዱም የለም። ያሸነፈው በደስታ፣ የተሸነፈው በንዴት ይነዳል።

ሚኒባሱም አለ። ጣሪያው ላይ ብስክሌት ደርድሮ ልጆቹን ሊያደርስ ይመጣና፣ ጆንያ በሚወርድበት መካከል ይቆማል። ሲመለስማ ዋንጫ ካለ እንደ ሰርግ አጃቢ ጡሩንባውን እየነፋ ነው። የደስታ ጡሩንባ ልቤን አይጠላውም። ነገር ግን ተሸካሚ ከኋላው ጡሩንባ ሲነፋበት ይደነግጣል፤ የደነገጠ ተሸካሚ ደግሞ ይወድቃል።

ብስክሌት ጠል አይደለሁም። እንዲያውም ልጅ ከቁማርና ከጫት ቤት ይልቅ ብስክሌት ላይ ቢውል የማይወድ ወላጅ የለም። አገራችን በዚህ ስፖርት ከብዙዎች ቀድማለች፤ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ገረመው ደንቦባ 24ኛ ሲወጣ ቡድናችን 9ኛ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ሻምፒዮናው ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ መጥቶ ኪጋሊ ተካሂዷል። ከተማዋ ለዚያ ሳምንት መንገዷን ዘግታ፣ ትምህርት ቤቶቿን ሳይቀር አሳርፋ ነው ያስተናገደችው። በእኛም ከተማ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ አንዳንድ እሁዶች መኪና የቆመበት ጊዜ ነበር፤ በኮሪደር ልማቱም ብዙ ቦታ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ልጁ የራሱ መስመር ባለበት ይብረር። ሰው፣ ጋሪና አይሱዙ በአንድ ላይ በሚተሻሹበት መንገድ ግን እንግዳ ነው፤ የሚጠበቅበትም እንደ እንግዳ መግባት ነው።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ከውድድር ሲመለስ «ስንተኛ ወጣህ?» ትሉታላችሁ። ጠይቁት፣ ደግ ነው። ግን «በየት በኩል መጣህ?» ብሎ የጠየቀው አለ? ደወል ከብስክሌት መለዋወጫ ቤት ይገኛል፣ ክብደቱ ኢምንት ነው፣ ውድድሩ ሲደርስ ይፈታል፣ ሲያልቅ ይታሰራል። «ያሳፍረኛል፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል» የሚል አይጠፋም። ይሳቁ።

ወደ ሴትየዋ ልመለስ። የመታቸው ልጅ እናት በማግስቱ ሰፈራችን ድረስ ጠይቀው መጡ። ማንም አልላካቸውም። የአጥንት ቅቅል በሳህን ቋጥረው፣ ልጁን አስከትለው። የሰፈር ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሕክምናውንና የተቋረጠውን የቀን ገቢ ተነጋገሩ፤ ቤተሰቡ ሀብታም አልነበረም፣ በየሳምንቱ እየቆራረጡ ከፈሉ። ልጁ ራሱ ጉልበቱ እስኪድን ለሦስት እሁድ ሳይወዳደር መጥቶ አጠገባቸው ተቀምጦ ሲቀነጥስ አየነው። እንባው ይወርድ ነበር፣ ከበርበሬው ይሁን ከሌላ እንጃ። አሠልጣኙም መጥቶ ከተሸካሚዎቹ አለቃ ጋር ተነጋገረ። የተስማሙበት ነገር ቀላል ነው። ከመጀመሪያው መጋዘን እስከ መጨረሻው ድረስ ወርዶ በእግር መግፋት። የሚወስድባቸው ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ሚኒባሱም ከማራገፊያው ውጭ ይቆማል።

አሁን እሁድ ጠዋት ብስክሌታቸውን እየገፉ ያልፋሉ። ጫማቸው ሥር ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ አስፋልቱን ሲመታ ቋ ቋ ይላል፤ ተሸካሚዎቹ ከሩቅ ይሰሙታል፣ እናቶቹም ቀና ብለው «ቀናችሁ?» ይሏቸዋል። አንድ ረዥም ልጅ ግን አለ፣ ሁልጊዜ ካልነዳሁ የሚል። ባለፈው እሁድ የቀነጣሾቹ ታላቅ፣ ያቺው አንጓቸው የተሰበረው እናት፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ሰፌዳቸውን መንገዱ መሃል ገፋ አድርገው አስቀመጡበት። ወረደ።