«ታክማ መጥታ የለም እንዴ? ምን ቀራት?»

የዛሬው ጽሑፍ ምክር ብቻ አይደለም፤ ወቀሳም አለበት። ወቀሳው ከራሴ ይጀምራል።

ርዕሱ ላይ ያለውን ንግግር የሰማሁት እዚሁ ምርመራ ክፍሌ ውስጥ ነው። የተናገሩት አክስት ናቸው። የተነገረባት ደግሞ የ19 ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ ለልብ ምት መዛባት ውጭ አገር አብሌሽን የሚባለው ሕክምና ተደርጎላት ከተመለሰች ገና 9 ቀኗ ነበር። «ደረቴን ያመኛል፣ ስተኛ ያፍነኛል» ትላለች። አክስቷ ደግሞ «ታክማ መጥታ የለም እንዴ? ምን ቀራት? ያ ሁሉ ብር ወጥቶ!» አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በልቤ ከአክስቷ ጋር ነበርኩ።

(ታሪኩን የማካፍላችሁ በእሷና በእናቷ ፈቃድ ነው። ማንነቷን የሚያሳውቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።)

ይህች ልጅ ከ15 ዓመቷ ጀምሮ ልቧ ድንገት እየተነሳ በደቂቃ ከ200 ጊዜ በላይ ይመታ ነበር። መጀመሪያ «ዓይን ነው» ተባለ። ቀጥሎ «የፈተና ጭንቀት ነው» ተባለ። በመጨረሻ ልቧ እየመታ ሳለ ኢሲጂ ተነሳችና ምክንያቱ ተገኘ፤ ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚሄድ፣ አብሯት የተወለደ ትርፍ የኤሌክትሪክ መስመር አላት። ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1930 የገለጹት ዎልፍ፣ ፓርኪንሰን እና ኋይት የተባሉ ሐኪሞች ስለሆኑ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ዘመድ ከአሜሪካ ላከ፣ ጎረቤት አዋጣ፣ እናቷ ዕቁባቸውን አስቀድመው ወሰዱ። አጎቷ ይዘዋት ሄዱ።

ሕክምናው እንዲህ ነው። በብሽሽት በኩል ባለው የደም ሥር ቀጫጭን ቱቦዎች (ካቴተሮች) ወደ ልብ ይገባሉ። ትርፉ መስመር ያለበት ቦታ ይፈለግና በሙቀት ይቃጠላል። መስመሩ በግራ በኩል ከሆነ ብዙ ጊዜ የልብን የላይኛ ክፍሎች የሚለየውን ግድግዳ በመርፌ በስቶ ማለፍ ያስፈልጋል። የእሷ በግራ በኩል ነበር። ሕክምናው ተሳካ፣ መስመሩ ተቃጠለ። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ደም ወደ ልቧ ሽፋን ውስጥ ፈሰሰ። ሐኪሞቹ ወዲያው ደረሱበት፤ ከደረት አጥንቷ ሥር ቱቦ አስገብተው ደሙን ቀዱና ሕይወቷን አተረፉ። ለአጎቷም ሁሉንም ነገሯቸው፣ ጽፈውም ሰጧቸው።

አጎቷ ግን «እሷም እንዳትደነግጥ፣ እናቷም እንዳትታመምብን» ብለው ወረቀቱን ሻንጣቸው ውስጥ ቆለፉበት። ልጅቷ ደረቷ ሥር ያለው ጠባሳ «የሕክምናው አካል ነው» ተብላ አገሯ ገባች። ድፎ ተቆረሰ። «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ተባለ።

እኔ ጋ ስትመጣ ኢሲጂ አነሳኋት። ትርፉ መስመር የለም፤ ልቧ በደቂቃ 104 ይመታል። «የሕክምና ወረቀቷ የታለ?» አልኩ። እናቷ «አጎቷ ጋ ነው ልጄ» አሉኝ። አልገፋሁበትም። ጠባሳውን አይቼ «ይሄስ?» ብዬ አልጠየቅሁም። «ጭንቀት ነው፣ ትንሽ ጨጓራም ይመስላል» ብዬ የጨጓራ መድኃኒት ጽፌ ሸኘኋት። ተመልሳ ስትመጣም ያንኑ ደገምኩላት። በሦስተኛው ቀጠሮ «ዶክተር፣ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት። ወደ ፊት ዘንበል ስል ብቻ ነው የሚቀለኝ» አለችኝ። ይህ ማንኛውም የሕክምና ተማሪ የሚያውቀው የልብ ሽፋን መቆጣት ምልክት ነው። በዚያው ቀን ኢኮ ታየች፤ ልቧ ዙሪያ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። አጎቷ ጋ ደወልኩ። ዝም ብለው ቆዩና «ልነግራችሁ ነበር እኮ» አሉኝ።

ልብ ወይም ሽፋኑ ከተጎዳ በኋላ ሽፋኑ ከቀናት ወይም ከሳምንታት ቆይቶ ሊቆጣና ፈሳሽ ሊቋጥር እንደሚችል የታወቀ ነው። ወረቀቱን ያነበበ ሐኪም በመጀመሪያው ቀን ኢኮ ያዝዝ ነበር። ልጅቷ ሆስፒታል ተኛች፣ ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒትና ኮልቺሲን ተሰጣት። ፈሳሹ ዳግም መቀዳት ሳያስፈልገው በሳምንታት ውስጥ ጠፋ። በቀጣዩ ሴሚስተር ትምህርቷን ቀጠለች። ከሁሉ በላይ ያልረሳሁት ግን አንድ ንግግሯን ነው፦ «ደረቴ ላይ ያለው ጠባሳ ምን እንደሆነ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።»

እንግዲህ ወደ ክርክሬ ልግባ።

አንደኛ፦ መደበቅ ርኅራኄ አይደለም።

ወላጆች፣ አጎቶች፣ አክስቶች፣ ፍቅራችሁን አልጠራጠርም። ግን አስቡት፤ መርዶ እንኳ ወግ አለው። ሰው ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ የሚይዝ ሰው በአጠገብ ቆሞ ይነገራል። ስናረዳ የምንመርጠው ሰዓቱንና አነጋገሩን ነው፤ ጨርሶ አለመንገር ግን በባህላችንም የለም። ታዲያ በሕይወት ላለች ልጅ የገዛ ልቧን ወሬ ለምን እንነፍጋታለን?

የምትደብቁት ነገር ከታማሚው ብቻ አይደለም የሚደበቀው፤ ቀጥሎ ከሚያያት ሐኪምም ይደበቃል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ለሚባለው የልብ ምት መዛባት አብሌሽን ሲደረግ የሚቃጠለው ቦታ ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ ከሚወርደው የምግብ ቧንቧ ጋር ጎረቤት ነው። በጣም አልፎ አልፎ ቧንቧው ይጎዳና ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ከልብ ጋር ቀዳዳ ይፈጠራል። ምልክቱ ትኩሳት፣ ሲውጡ ሕመም፣ የደረት ሕመም ነው። እኛ አገር ትኩሳት ሲሉ «ታይፎይድ ነው»፣ ሲውጡ ያማል ሲሉ «ጨጓራ ነው፣ ኢንዶስኮፒ ይታይ» ይባላል። ለዚህ ሰው ግን ኢንዶስኮፒ በሚነፋው አየር ምክንያት ሊገድል ይችላል፤ የሚያስፈልገው አስቸኳይ የደረት ሲቲ ስካን ነው። «አብሌሽን ተደርጎልኛል» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነፍስ ያተርፋል።

ሁለተኛ፦ «ጭንቀት ነው» የሚባለው ሌላው ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።

ይህ ለእኔና ለሙያ ባልደረቦቼ ነው። ወጣት ሴት ሆና ልቤ ይመታል ካለች ኢሲጂው ሳይደርቅ «ተጨንቀሽ ነው» እንላለን። ይህችን ልጅ ከሕክምናው በፊትም፣ በኋላም ብለናታል። አዎ፣ ልቡ የተነካ ሰው ይጨነቃል። በየማታው የልብ ምቱን እየቆጠረ እንቅልፍ ያጣል፤ ይህም እውነተኛ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ነገር ግን ጭንቀት መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ ማዳመጥ፣ መንካት፣ ብሽሽቱን ማየት፣ ካስፈለገ ኢኮ ማዘዝ ያስፈልጋል። ሳይመረመር የተሰጠ «ጭንቀት ነው» ሕመምተኛውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ የምርመራ ውጤት አይባልም።

ሦስተኛ፦ ክትትል የሌለው ሕክምና ግማሽ ሕክምና ነው።

የውጭ ሕክምና የሚያመቻቹ ሰዎች ቪዛ፣ ቲኬት፣ ሆቴል፣ አስተርጓሚ ሁሉ ያሟላሉ። ጥሩ ነው። ግን «ተመልሼ ብታመም ማን ያየኛል? ያከመኝን ሐኪም በምን አገኘዋለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ዋጋው አልተነገራችሁም ማለት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ የሚከታተላችሁን የልብ ሐኪም ያዙ። እኛም አገር ውስጥ የምንሠራው «ውጭ የታከመውን እዚያው ሂድ» የሚለውን ነገር እንተው። በራችን ላይ የቆመው ሰው የእኛ ታማሚ ነው።

«ዶክተር፣ ይህን ሁሉ እየነገራችሁን ማን ደፍሮ ይታከማል?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ሕክምናውን አልቃወምም። እንደዚህች ልጅ ላለ ችግር አብሌሽን ከ100 ሰው ከ90 በላዩን ይፈውሳል፤ ከባድ ችግር የሚገጥማቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን የመሳካቱ ዕድል ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴም መደገም ያስፈልገዋል። እህቴ ብትሆን አድርጊው እላታለሁ። ግን ሰውን ከሕክምና የሚያሸሸው እውነቱን ማወቁ አይመስለኝም። የሚያሸሸው «ምንም የለውም፣ በማግስቱ ትወጣለህ» ተብሎ ሌላ ነገር ሲገጥመው ነው። ያ ሰው ቤቱ ገብቶ «አታለሉኝ» ይላል፤ መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል።

ችግር መግጠሙ የታሪኩ መጨረሻ እንዳልሆነም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 1958 ስዊድን ውስጥ አርነ ላርሰን የሚባል የ43 ዓመት ሰው በዓለም የመጀመሪያውን ሰውነት ውስጥ የሚቀበር ፔስሜከር ተገጠመለት። ልቡ ምት እየዘለለ ራሱን ይስት ነበር፤ ሐኪሙንና መሐንዲሱን ወጥራ ይዛ «ሥሩለት» ያለችው ሚስቱ ናት። መሣሪያው በሰዓታት ውስጥ ተበላሸ። ሌላ ተተካለት፤ ከዚያም ሌላ። በዕድሜው ሙሉ ከ20 በላይ ቀያየረ። የሞተው በ2001 በ86 ዓመቱ፣ ከልብ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ነው። ሐኪሙም መሐንዲሱም ቀድመውት ሞተዋል። ያ ሰው የኖረው ነገሩ ያለ ችግር ስለሄደለት አይደለም። በተበላሸ ቁጥር የሚያይ፣ የሚናገርና የሚጠግን ሰው ስለነበረ ነው።

ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን ሳትይዙ አትውጡ፦

1. ምን እንደተሠራ፣ ምን ችግር እንደገጠመና እንዴት እንደታከመ የሚገልጽ የመውጫ ማጠቃለያ ወረቀት። በስልክ ፎቶ አንሱት፤ አንድ ቅጂ በታማሚው እጅ ይሁን።
2. የመድኃኒት ዝርዝር፣ መቼ እንደሚቆም ጭምር። ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን ከታከማችሁ የደም ማቅጠኛውን «ድኛለሁ» ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። ፀበል የምትሄዱ ከሆነም መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።
3. የቀጠሮ ቀንና የሚደወልበት ስልክ።
4. ለጥያቄው መልስ፦ «ምን ሲሰማኝ ልምጣ?»

የሚጠበቅና ብዙ ጊዜ በራሱ የሚያልፍ፦ ብሽሽት ላይ ወደ ጭን የሚወርድ ብልዝ (እስከ ሁለት ሳምንት)፣ ለጥቂት ቀናት ቀለል ያለ የደረት ሕመም፣ ድካም፣ አልፎ አልፎ የምት መዝለል። ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን ከታከማችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ምቱ ተመልሶ ቢዛባ ሕክምናው ከሽፏል ማለት አይደለም፤ ለሐኪማችሁ ግን አሳውቁ።

በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ፦

- ትንፋሽ ማጠር፣ ራስ መሳት፣ ስትተኙ የሚብስ ወይም እየጨመረ የሚሄድ የደረት ሕመም
- የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የአንደበት መያዝ
- ትኩሳት፣ ሲውጡ ሕመም ወይም ደም ማስመለስ፣ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን
- ብሽሽት ላይ እያደገ የሚሄድ ወይም የሚመታ እብጠት። ደም ከፈሰሰ በጀርባ ተኝታችሁ ቦታውን ሌላ ሰው በእጁ አጥብቆ ይጫነው፣ አምቡላንስ ይጠራ (የቀይ መስቀል 907)
- ፔስሜከር ለተገጠመላችሁ፦ ቦታው ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ከያዘ። ማንም በመርፌ እንዲቀዳው አትፍቀዱ፤ የገጠመላችሁ ሐኪም ይየው

አጎቷ ወረቀቱን አምጥተው ሲሰጡኝ ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። እኔ ከመቀበሌ በፊት «መጀመሪያ እሷ ታንብበው» አልኳቸው። አነበበችው። አለቀሰች። ከዚያ አጎቷን አቅፋ «ብቻዎን ይህን ሁሉ ይዘው እንዴት ቻሉት?» አለቻቸው። ያኔ ያለቀሱት አጎትየው ናቸው።

እኔም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። አሁን ማንም ታማሚ «ወረቀቱ ሌላ ሰው ጋ ነው» ሲለኝ ስልኬን አንስቼ እዚያው ፊቱ እደውላለሁ።

ይህን ጽሑፍ በቅርቡ የልብ ሕክምና ለሚጠብቅ ወይም ለተደረገለት ሰው አድርሱልኝ፤ ሻንጣ ውስጥ ወረቀት ለቆለፈ ዘመድም ጭምር።

መልካም ጤንነት!