ከውሻ አሠልጣኝ ለወላጅ የሚተርፍ ትምህርት አለን?

ላንቻ አካባቢ በእግሩ የሚዘዋወር ሰው በአንዳንድ የግቢ በሮች ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ያነባል። ውሻው ቀን ይታሰራል፤ ማታ ይለቀቃል፤ ሲያጠፋ ይመታል። በአያሌ ቤቶች ልጅም ሲያጠፋ ቁንጥጫና ኩርኩም ይጠብቀዋል። ይሁንና ወላጅን «ልጅዎን ለማሳደግ ከውሻ አሠልጣኝ ይማሩ» ብንለው፣ ውሻ ስድብ በሆነበት ባህላችን መቆጣቱ አይቀርም። በእኔ አስተያየት ግን ቁጣው ያለ ቦታው ነው፤ ጥሩ የውሻ አሠልጣኝ ዱላን ከተወው ቆይቷልና።

ቋንቋችን ራሱ «መግራት» የሚለውን ቃል ለበቅሎም ለሰው አንደበትም ይጠቀምበታል። ሳይንሱም ይህንኑ ዝምድና ያጠናክራል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ድመቶችን በሣጥን ዘግቶ ባደረገው ሙከራ፣ መልካም ውጤት ያስከተለ ድርጊት እየተደጋገመ እንደሚሄድ አሳየ። ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1930ዎቹ ይህን ሐሳብ በአይጦች ላይ ባደረገው ምርምር አስፋፋው። በ1960ዎቹ ደግሞ ካረን ፕራየር በሃዋይ ዶልፊኖችን ታሠለጥን ነበር። ዶልፊን ልጓም አይገባለትም፤ ቢገርፉት ዋኝቶ ይርቃል። ስለዚህ የቀራት መሣሪያ ፉጨትና ዓሣ ብቻ ነበር። ይኸው ዘዴ ኋላ ለውሾች ሥልጠና ዋለ፤ እርሷም በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ ለሰዎችም እንደሚሠራ አስረዳች።

የዘዴው ፍሬ ነገር ቀላል ነው፦ መልካሙን ድርጊት በተፈጸመበት ቅጽበት ማስተዋልና ማበረታታት። ቅጣት «ይህን አታድርግ» ይላል እንጂ «ይህን አድርግ» አይልም። ደብተሯን ይዛ በጸጥታ የተቀመጠችን ልጅ ማንም ልብ አይላትም፤ ስትጮኽ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ይዞርባታል። ትኩረት ለተራበ ልጅ ቁጣም ሽልማት ሊሆን ይችላል፤ ጩኸቱን ያስተማርነውም እኛው እንሆናለን።

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ማበረታታት ማለት ግን መልቀቅ አይደለም። ዘሎ ለሚንጠላጠል ውሻ አንድ ቀንም ቢሆን ምግብ የማይሰጥ አሠልጣኝ፣ ዛሬ ስቆ ነገ ከሚማታ ወላጅ ይልቅ ጽኑ ነው።

እርግጥ ልጅ ውሻ አይደለም። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት በ1973 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ሥዕል መሣል ከሚወዱ ሕፃናት መካከል አስቀድሞ ሽልማት ቃል የተገባላቸው፣ ከሽልማቱ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ ለመሣል ያዋሉት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ልጅ ምክንያት ይጠይቃል፤ ከረሜላ የምክንያትን ቦታ አይተካም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከሚደርስ አካላዊ ቅጣት ይጠብቃል፤ ይህ ድንጋጌ የመኖሪያ ቤትን በስም አይጠቅስም። በቤት ውስጥ ያለው ውሳኔ በአመዛኙ የወላጅ ነው። እንግዲህ ከአሠልጣኙ ትዕግሥቱን እንውሰድ፤ ውሻ የማይረዳውን ምክንያት ደግሞ ለልጆቻችን እንንገራቸው።