የሚወረወሩትን ከዋክብት ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ሰው በዓይኑ ያየውን ነገር ለሌላ ሰው ሲነግር፥ ሳያውቀው ይጨምርበታል ወይም ያጐድልበታል። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ብዙ ዓመት ስለ ቈየን ይህን ነገር ዘወትር እናየዋለን። አንዱን ጠብ ሦስት ምስክሮች ሲናገሩት ሦስት ጠብ ይመስላል። ይህም ሁልጊዜ ሐሰት ለመናገር አስበው አይደለም፤ ያዩት ነገር በድንገት መጥቶ በድንገት ስለ ሄደባቸው ነው። በሌሊት በሰማይ ላይ እንደሚወረወር ኮከብ ግን ፈጥኖ መጥቶ ፈጥኖ የሚሄድ ነገር ከየት ይገኛል? ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ፥ የተወርዋሪ ከዋክብትን ዝናም ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት፥ ይህም ሥራ ለቤታችን ስላመጣው ትምህርት ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

አስቀድሞ፥ ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው ነገር በእውነት ኮከብ አለመሆኑን መናገር ይገባል። ጅራታም ከዋክብት በፀሐይ ዙሪያ ሲሄዱ፥ የተቀደደ ጆንያ እህሉን በመንገድ ላይ እንደሚያንጠባጥብ፥ ትቢያና ጠጠር ከኋላቸው ይተዋሉ። ምድራችንም በየዓመቱ በዚያው ወራት በዚያው ስፍራ ስታልፍ ከዚህ ትቢያ ጋራ ትገናኛለች። አብዛኛው ከአሸዋ ቅንጣት ብዙ የማይበልጥ ሲሆን፥ ከምድር በላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከአየሩ ጋራ ሲጋጭ፥ ከፍጥነቱ ብዛት የተነሣ ግሎ ይቃጠላል፤ እኛም ብርሃኑን አይተን ኮከብ ወደቀ እንላለን።

በየዓመቱ ከሚታዩት ዝናሞች ለአገራችን እጅግ የሚመቸው በታኅሣሥ 4 እና 5 ቀን አካባቢ የሚወርደው ነው፤ በነሐሴ መጀመሪያ የሚወርደው ሌላው ስመ ጥር ዝናም ብዙ ጊዜ በክረምቱ ደመና ይሸፈንብናልና። የታኅሣሡ ከዋክብት ሲወረወሩ መነሻቸው የአገራችን የኮከብ ቈጠራ መጻሕፍት ገውዝ በሚሉት ምድብ አጠገብ ይመስላል። የእነዚህም ምንጭ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. በሳተላይት የተገኘ ፌቶን የሚባል ዐለታማ አካል ነው። ቅንጣቶቹም በአንድ ሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣሉ።

በ2010 ዓ.ም. ልጃችን ዕድሜው 14 ዓመት ሲሆን፥ ከአጎቱ ካሜራ ተውሶ ይህን ዝናም ለማንሣት እንድንፈቅድለት ለመነን። በአዲስ አበባ የመንገድ መብራት ሰማዩን ስለሚያነጣው፥ ታኅሣሥ 4 ቀን በደብረ ብርሃን አጠገብ በባላገር ወደሚኖሩት ወደ እናታችን ቤት ሄድን። ጨረቃ የምትወጣው ለንጋት ሲቃረብ ስለ ነበረ ሰማዩ ጥቁር ነበር። ውርጩ ጣት የሚያደነዝዝ ቢሆንም፥ ጋቢ ተከናንበን ቆሎ ይዘን ከደጅ ተቀመጥን።

ልጁም ያደረገው እንዲህ ነው። ካሜራውን ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ አጽንቶ አሰረው፤ ጥቂት ቢነቃነቅ ሥዕሉ ይበላሻልና። ሰፊ ሰማይ የሚያሳይ ሌንስ ገጠመበት፤ የብርሃን መግቢያውንም እስከ መጨረሻው ከፈተው። ከዚያም ወደ አንድ ደማቅ ኮከብ አነጣጥሮ፥ ኮከቡ እንደ መርፌ ጫፍ ቀጥኖ እስኪታይ ድረስ ሌንሱን በእጁ አስተካከለ። አይ ኤስ ኦ የሚሉትን የብርሃን መቀበያ ልክ 3200 አደረገው። አንዱን ሥዕል ለማንሣት ካሜራው 20 ሰከንድ ዓይኑን ገልጦ ይቈያል፤ ከዚያ እጅግ ቢበልጥ፥ ምድር ስለምትዞር የቆሙት ከዋክብት ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ጭረት ይሆናሉ። ካሜራውን ያቀናውም ከዋክብቱ ከሚነሡበት ስፍራ ጥቂት ፈቀቅ አድርጎ ነው፤ በመነሻቸው አጠገብ መንገዳቸው አጭር ሆኖ ይታያልና። ብርድ ባትሪን ቶሎ ስለሚያደክም ትርፉን ባትሪ በብብቱ ይዞት ነበር። ኮከብ ሲወረወር አይቶ ማንሣት አይቻልም፤ እጅ እስኪደርስ ኮከቡ አልፏል። ስለዚህ ካሜራው ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ድረስ ሳያቋርጥ ሲያነሣ ቈየ።

እናታችን በመጀመሪያ ነገሩን አልወደዱትም ነበር። ኮከብ ሲወረወር ሰው ሞተ ማለት ነው ሲባል ሰምተው ስላደጉ፥ የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ከዋክብት ባዩ ጊዜ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ሠላሳ ያህል ከተቈጠረ በኋላ ግን ሣቅ ብለው፥ «ለእያንዳንዱ አንድ ነፍስ ከሆነማ፥ ነገ ለቅሶ የሚደርስ ማን ሊቀር ነው?» አሉን። ከዚያም በኋላ ከልጁ ይልቅ ተግተው የሚቈጥሩት እርሳቸው ሆኑ። እስከ 8 ሰዓት ድረስ በዓይናችን የቈጠርነው 96 ሲሆን፥ ካሜራው ካነሣቸው 700 ያህል ሥዕሎች መካከል ተወርዋሪ ኮከብ የተያዘባቸው 9 ብቻ ሆነው ተገኙ። ካሜራ የሚያየው ከሰማዩ አንዱን ወገን ነው፤ ከዚያውም የሚይዘው ደማቆቹን ብቻ ነው።

ልጁ እነዚህን 9 ሥዕሎች በኮምፒዩተር አጋጥሞ፥ ዘጠኙ ከዋክብት በአንድ ሰማይ ላይ የሚታዩበት አንድ ሥዕል አደረጋቸው፤ አሳትሞም ሰጠን። እኛም ደስታችን ከልክ አልፎ ሥዕሉን ወደ መሥሪያ ቤታችን ወሰድነውና፥ «እነሆ፥ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ሲወርዱ ልጃችን ያነሣው ነው» ብለን ለባልንጀሮቻችን አሳየን። አንዱም ባልንጀራችን በስልኩ አንሥቶ፥ ይህንኑ ቃላችንን ጨምሮ ለዘመዶቹ ላከው። ከዚህ በኋላ አንድ ሽማግሌ ዳኛ ሥዕሉን ተቀብለው ተመለከቱና፥ «በስንት ሰዓት ነው የወረዱት?» ብለው ጠየቁን። መልስ አጣን።

ማታ ከቤታችን ገብተን ልጁን ብንጠይቀው ተገርሞ ተመለከተንና፥ «አባባ፥ ከጀርባው ጽፌልዎት የለም እንዴ?» አለን። ሥዕሉን ብንገለብጠው፥ በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ የተነሡ 9 ሥዕሎች ተጋጥመው የተሠራ መሆኑና የእያንዳንዱ ኮከብ ሰዓትና ደቂቃ በእርሳስ በተራ ተጽፎ አገኘን። ሀያ ዓመት ያህል የሌላውን ሰው ወረቀት ፊትና ጀርባ ስንመረምር የኖርን ሰዎች፥ የገዛ ልጃችንን ወረቀት አልገለበጥንም። እርሱ እውነቱን መስክሮ ሳለ፥ በቃሉ ላይ የጨመርንበት እኛ ነን። በማግሥቱ ለእያንዳንዱ ባልንጀራችን ጀርባውን እያሳየን ነገሩን አቀናን፤ ሽማግሌው ዳኛም፥ «ጸሐፊነቱን ለልጁ ልቀቅለት» ብለው ቀለዱብን። በስልክ የተላከው ግን ከማን ዘንድ እንደ ደረሰ ስለማይታወቅ ልንመልሰው አልቻልንም። ይህም እስከ ዛሬ ይቈጨናል።

ሰዓት መጻፍ ይህን ያህል ያስፈልጋልን? የሚል ቢኖር፥ የዚህን ጥበብ ታሪክ ይመልከት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኖቬምበር 13 ቀን 1833 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ ከዋክብት እንደ በረዶ ስለ ወረዱ፥ ብዙ ሰው የዓለም ፍጻሜ ደረሰ ብሎ ተጨነቀ። ያን ጊዜ ይህን የሚይዝ ፎቶግራፍ አልነበረም። የየል ኮሌጅ መምህር የነበሩት ኦልምስቴድ ግን፥ ያየ ሁሉ ያየውን እንዲጽፍላቸው በጋዜጣ ለመኑ፤ የምስክሮቹንም ቃል አስተያይተው፥ ከዋክብቱ ሁሉ አሰድ ከሚባለው ከአንበሳው ምድብ፥ ከአንድ ስፍራ የሚነሡ መስለው እንደ ታዩ ገለጡ። በኖቬምበር 27 ቀን 1885 ዓ.ም. ላዲስላውስ ቫይኔክ የሚባሉ ሊቅ በፕራግ ከተማ የመጀመሪያውን የታወቀ የተወርዋሪ ኮከብ ፎቶግራፍ አነሡ። በኤፕሪል 7 ቀን 1959 ዓ.ም. ደግሞ፥ ዛሬ ቼክ በምትባለው በዚያችው አገር፥ ፕርሺብራም በሚባል ከተማ አጠገብ የሰማይ ድንጋይ ወደቀ። በልዩ ልዩ ስፍራ የተተከሉ ካሜራዎች ሲወርድ ስላነሡት፥ ሊቃውንቱ መንገዱን ወደ ኋላ ቈጥረው፥ በማርስና በጁፒተር መካከል ካለው የዐለቶች ቀለበት እንደ መጣ ዐወቁ። አንድ ካሜራ ብቻውን የኮከቡን ከፍታ ሊናገር አይችልም፤ ሁለት ካሜራዎች ከሁለት ስፍራ በአንድ ጊዜ ሲያዩት ግን ይታወቃል። ፍርድ ቤት ሁለተኛ ምስክር የሚፈልግበትን ምክንያት ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስቸግረውም።

እንግዲህ ሥዕልን ከሥዕል ማጋጠም ነውር ነው አንልም፤ ተጋጥሞ የተሠራ መሆኑ ከተነገረ መልካም ጥበብ ነው። ነውሩ የብዙ ሰዓቱን የአንድ ቅጽበት ነው ብሎ መናገር ነው። ወላጆች ሆይ፥ በዓመት አንድ ሌሊት ልጆቻችሁን ቀስቅሳችሁ መብራት ወደሌለበት ስፍራ አውጧቸው። ካሜራ ባይኖር፥ በሌሊት ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ በድንጋይ ላይ ተደግፎ ቢቆም አንዳንዱን ደማቅ ኮከብ ሊይዝ ይችላል። ያነሡትንም ሲሰጧችሁ ከማመስገን በፊት ሰዓቱን ጠይቁ፤ ለሌላ ሰው ከማሳየት በፊትም ጀርባውን ገልብጡ።

ያ ሥዕል ዛሬ በእናታችን ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዘጠኙም ሰዓቶች ከጀርባው ወደ ፊቱ ተገልብጠው፥ ከሥዕሉ በታች በቀለም ተጽፈዋል።